ያገለገለ የስፖርት መኪና ለሚገዛ ሰው፦ ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ «አንድ የስፖርት መኪና በማኑዋልም በአውቶማቲክም ተሠርቶ ከሆነ፣ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ማኑዋሉን መምረጥ ይገባዋል።» የመጀመሪያው ጸሐፊ ሐሳቡን ይደግፋል፤ ሁለተኛው ይቃወማል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

አዲስ መኪና የገዛ ሰው መኪናውን ከነዋስትናው ይረከባል፤ ያገለገለ የገዛ ሰው ግን የማያውቀውን ሰው አነዳድ ይወርሳል። ይህ ለማንኛውም መኪና እውነት ነው፤ ለስፖርት መኪና ደግሞ ይብሳል፤ እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛው ሊጋለብ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ በቀስታ የተነዳ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ገንዘቤን ከመቁጠሬ በፊት ያሳለፈውን የሚነግረኝ የትኛው ነው የሚል መሆን አለበት እላለሁ።

ማኑዋል ካምቢዮ ያሳለፈውን ይናገራል። ሻጩ መኪናውን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነሡና ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀይሩ። ዘንጉ እጃችሁን ገፋ አድርጎ ከመለሰ ወይም የብረት መፋጨት ከተሰማ፣ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስማማው ሲንክሮናይዘር ተበልቷል ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር እየሄዳችሁ የነዳጁን ፔዳል እስከ ታች ርገጡ። የዙር ቆጣሪው መርፌ ሽቅብ ወጥቶ መኪናው ግን በዚያው ልክ ካልፈጠነ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያለያየው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። ይህ ሙከራ 10 ሰከንድ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይፈልግም፤ የፍሪሲዮን መለወጫ ወጪም ማንኛውም መካኒክ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ስለሆነ ከዋጋው ላይ ታስቀንሳላችሁ።

አውቶማቲኩ ግን ሕመሙን ይደብቃል። ዘይቱ፣ ቫልቮቹ፣ ሴንሰሮቹና መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ በአንድ ሣጥን ውስጥ ታሽገው ተቀምጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ መበላትን እያካካሰ ስለሚሠራ፣ ችግሩ በመቀመጫው ላይ ላለው ሰው የሚታወቀው ማካካስ ሲያቅተው ነው። በዚህ ላይ ብዙ የመኪና አምራቾች የካምቢዮው ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው ብለው ጻፉ። ካምቢዮውን ራሱን የሚሠራው ዜድኤፍ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። የአምራቹን ቃል አምኖ ዘይት ያልቀየረው የቀድሞ ባለቤት ጥፋተኛ አይደለም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ገዢ ነው።

እኔ ያንን ዕዳ ከፍዬዋለሁ። ከዓመታት በፊት በመሪው ላይ ባሉ መቀየሪያዎች የሚነዳ፣ ፍሪሲዮኑን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅስ መኪና ገዛሁ። በአራተኛው ወር መስቀለኛ መንገድ ላይ መብራት ሲለቅ ማርሽ አልገባ አለኝ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የማርሹ ቁጥር ጠፍቶ ባዶ ቀረ። የግፊቱ ፓምፕ ሞቷል። ፓምፑ ተቀየረ፣ ከዚያ ግፊት የሚያጠራቅመው ጋን፣ ከዚያ የማርሹ ሴንሰር። በመጨረሻ ሁሉንም አስወጥቼ ሦስተኛ ፔዳል አስገጠምኩለት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቆመኝም።

ተቃዋሚ

ተከራካሪዬ በደረሰባቸው ነገር ከልብ አዝናለሁ፤ ያን መኪና እኔም አልገዛውም ነበር። ነገር ግን የገዙት መኪና እኔ የምከራከርለት አይደለም። «አውቶማቲክ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሦስት የተለያዩ ማሽኖች አሉ፤ እነርሱን ሳይለዩ መከራከር ደግሞ ገዢውን ማሳሳት ነው።

የመጀመሪያው ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በዘይት አማካይነት ይገናኛሉ። በ1990ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ አራት ማርሽ ብቻ ያላቸው፣ ሲቀይሩ የሚያንቀላፉ ነበሩ። የመጀመሪያው ሆንዳ ኤንኤስኤክስ በማኑዋል 270 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ በአውቶማቲክ 252 ብቻ መስጠቱ ገዢው በእግሩ ብቻ ሳይሆን በሞተሩም ይከፍል እንደነበር ያሳያል። ሁለተኛው የእርስዎ ዓይነት ነው፤ ተራ የማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በሰው እግር ፈንታ ፓምፕ ይረግጥለታል። ይህ ሐሳብ ከውድድር ሜዳ የመጣ ነው፦ ናይጀል ማንሰል በ1989 የብራዚልን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈበት ፌራሪ 640 በመሪው ላይ መቀየሪያ ነበረው፤ በ1997 ደግሞ ፌራሪ ኤፍ355 ይህንኑ ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። ለውድድር ቡድን፣ በየውድድሩ ለሚፈታና ለሚገጠም መኪና፣ ድንቅ ነገር ነው። አሥር ዓመት ለቆየ መኪና ግን ለፓምፕና ለጋን መኖር ነው፤ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልለያይም።

ሦስተኛው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ነው፤ እኔ የቆምኩትም በዚህ ላይ ነው። በ2003 በቮልስዋገን ጎልፍ አር32 ለሰፊው ገበያ ቀረበ፤ በ2008 የታደሰው ፖርሽ 911 ፒዲኬ በሚል ስም ተቀበለው። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ማርሾችን፣ ሌላው ሙሉ ማርሾችን ይይዛል። በሦስተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ሳለ አራተኛው ተይዞ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ስለሚይዝ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው መድረሱን አያቋርጥም። በዚያው ዘመን 911 ካሬራ ኤስ በማኑዋል ከቆመበት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 4.7 ሰከንድ ሲፈጅበት በፒዲኬ 4.5 ሰከንድ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማኑዋል ካምቢዮ ስለ ራሱ እንደሚናገር እቀበላለሁ። ስለ ሞተሩ ግን ምንም አይናገርም፤ በስፖርት መኪና ውስጥ ውዱ ዕቃ ደግሞ ሞተሩ ነው። አንድ ሰው በሦስተኛ ማርሽ፣ በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ ሆኖ ወደ አራተኛ ሲቀይር እጁ ጥቂት ወደ ጎን ቢስበው ሁለተኛ ይገባል። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ጎማዎቹ ሞተሩን ይጎትቱታል፤ ዙሩ ወደ 10,000 ሊጠጋ ይችላል። የዙር መገደቢያው ነዳጅ ከመቁረጥ በቀር ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ምክንያቱም ሞተሩን የሚያዞረው በዚያች ቅጽበት ነዳጅ ሳይሆን የመኪናው ክብደት ነው። ዕድለኛ ያልሆነ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭተው እዚያው ይቆማል። ዕድለኛ የመሰለው ደግሞ ፒስተኖቹን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኙት የቢየላዎቹ ብሎኖች ተለጥጠው ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይነዳል፤ ከዚያም መኪናውን ይሸጣል። በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ግን ኮምፒውተሩ ሞተሩ የማይችለውን ማርሽ እንዲገባ ሲጠየቅ እምቢ ይላል። ያ እምቢታ ለቀድሞው ባለቤት ጥበቃ ነበር፤ ለእኔ ለገዢው ደግሞ ዋስትና ነው።

ደጋፊ

ይህ ነጥብ እውነት ነው፤ ዙሪያውን ልዞረው አልሞክርም። ማኑዋል የስፖርት መኪና ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ነው። ነገር ግን መፍትሔ የሌለው ችግር አይደለም። የፖርሽ ሞተር ኮምፒውተር ሞተሩ ከገደብ በላይ የዞረበትን ጊዜ ሁሉ በደረጃ ከፍሎ ይመዘግባል፤ በስንተኛው የሥራ ሰዓቱ እንደሆነም ያስቀምጣል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ቁጥር ከተገኘና ሰዓቱ ቅርብ ከሆነ መኪናውን ትቶ መሄድ ነው። ይህ መዝገብ በሌላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የኮምፕሬሽን ልኬትና የሲሊንደር የአየር ማምለጥ ምርመራ ያግዛል። ገዢው ለምርመራ አንድ ጠዋት ቢሰጥ የሚያጣው ነገር የለም።

ስለ 0.2 ሰከንዱ ግን መናገር አለብኝ። ያገለገለ የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ፍጥነት ቢሻ ኖሮ ዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቀድመውት ይሄዳሉ። እርሱ የሚገዛው ሥራውን ነው፦ ኩርባ ሲቃረብ በቀኝ እግር ጣቶች ፍሬኑን ይዞ፣ በዚያው እግር ጠርዝ ነዳጁን ነካ አድርጎ ዙሩን ማንሣት፣ ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናው ሳይናጥ ሦስተኛው ሲገባ መስማት። ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ከመቶ አንዱ ጊዜ ፍጹም ሆኖ ሲመጣም ቀኔን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። መቀየሪያውን በጣት የሚነካ ሰው ሁልጊዜ ፍጹም ይቀይራል፤ ለዚህም ነው ቶሎ የሚሰለቸው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ አምራቾቹ ራሳቸው መስክረዋል። ፖርሽ በ2013 ያወጣውን 911 ጂቲ3 በፒዲኬ ብቻ ሠራው፤ በ2016 በማኑዋል ብቻ 991 መኪኖች የሠራበትን 911 አር አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ማኑዋሉን ወደ ጂቲ3 መለሰ። ቶዮታም በ2019 በአውቶማቲክ ብቻ ላወጣው ሱፕራ በ2022 ማኑዋል ጨመረለት። ሁለቱም የቀነሱትን የመለሱት ገዢ ስላለው ነው። ፌራሪ 458ን በ2009 ያለ ማኑዋል ካወጣ በኋላ ከእርሱ በፊት የነበረው ማኑዋል ኤፍ430 ባለ መቀየሪያ ከሆነው ወንድሙ እጅግ በልጦ መሸጡ ከዚሁ የመጣ ነው።

ተቃዋሚ

የዋጋው ማስረጃ የሚቆመው በእኔ በኩል ይመስለኛል። ማኑዋሉ ውድ ከሆነ ያንን ልዩነት ከኪሱ የሚያወጣው የምንመክረው ገዢ ነው። ያው ሞተር፣ ያው አካል፣ ያው ፍሬን በዝቅተኛ ዋጋ እየተገኘ፣ ከተረፈው ገንዘብ ጎማና የዘይት ለውጥ ሊሸፈን እየቻለ፣ ይጨምር ዘንድ የምንመክረው በምን ምክንያት ነው? መልሶ በትርፍ ለመሸጥ ከሆነ ደግሞ ይህ የሚሠራው ጥቂት ለተሠሩና ሰብሳቢዎች ለሚሽቀዳደሙባቸው ነው።

የእግሩን ሥራ ያሳዩበት መንገድ ደስ ይላል፤ እኔም የግራ ጉልበቴ ሳይጎዳ ዓመታት ነድቼበታለሁ። ነገር ግን ለመልመድ ወራት እንደፈጀብዎ ጽፈዋል። በእነዚያ ወራት ውስጥ ሲሳሳቱ የተበላው ፍሪሲዮን፣ የተንገጫገጨው ማርሽ የማን ነበር? ከእርስዎ በኋላ የገዛው ሰው እርስዎ ሲማሩበት የነበረውን መኪና ነው የገዛው።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ሕመሙን ይደብቃል የተባለውም ትክክል አይደለም፤ የት እንደሚፈለግ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። መኪናውን ቀጥ ባለ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ በትንሹ እየሰጡ፣ በቀስታ ወደ ኋላ ማስኬድ ነው። የተበላ ፍሪሲዮን እዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ መቀመጫው ላይ በወገብ ይሰማል። ከዚያ የዘይት ደረሰኝ መጠየቅ ነው፦ በዘይት ውስጥ የሚሠራው የቮልስዋገን ባለ ስድስት ማርሽ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይቀየርለታል፤ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ደረቅ ፍሪሲዮን ያላቸውን፣ በከተማ ጭንቅንቅ የኖሩትን፣ እኔም እሸሻለሁ።

ደጋፊ

እንግዲህ ከሦስቱ ዓይነቶች በአንዱ ሙሉ በሙሉ፣ በሌላው በከፊል ተስማምተናል፤ የቀረው ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ነው። እርሱም ዛሬ ጥሩ ነው፤ ጥያቄዬ ገዢው አሥር ዓመት ቢይዘው ምን ይሆናል የሚል ነው። ኮምፒውተሩና ቫልቮቹ በአንድ ላይ ተጣምረው በካምቢዮው ውስጥ የተቀመጡ ናቸው፤ ሲበላሹ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ይለወጣሉ፤ አዲሱም ከመኪናው ጋር እንዲግባባ በአምራቹ ፕሮግራም መሞላት አለበት። ፍሪሲዮን፣ ሲንክሮናይዘርና ኩሽኔታ ግን ካምቢዮ ማውረድ የሚችል መካኒክ ሁሉ የሚሠራቸው ዕቃዎች ናቸው። አምራቹ ክፍሉን መሥራት ቢያቆም እንኳ ቅርጹን አይቶ የሚቀርጽ ባለሙያ ይገኛል፤ የጠፋን ፕሮግራም ግን ቅርጹን አይቶ መሥራት አይቻልም።

ተቃዋሚ

ስለ ጥገናው የተናገሩት ከባድ ነጥብ ነው፤ መኪናውን ለሃያ ዓመት ሊይዝ ለሚገዛ ሰው ሚዛን ሊደፋ ይችላል። ስለ ሞተሩ የሰጡኝ መልስ ግን አልበቃኝም። የኮምፕሬሽን ልኬት የሚለካው ቫልቮቹና ቀለበቶቹ አየር መያዛቸውን ነው፤ የተለጠጠ የቢየላ ብሎን አየር አያስወጣም። እንዲህ ያለው ሞተር ልኬቱን ሁሉ አልፎ፣ ሻጩን አመስግኖ የተቀበለው ገዢ ከሳምንታት በኋላ በከፍተኛ ዙር ሲጋልበው ሊበጠስ ይችላል። የዙር መዝገብ የማይዝ ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ፣ ሞተሩ ካልተፈታ በቀር፣ ገዢው የሚይዘው የሻጩን ቃል ብቻ ነው፤ የቀረበው ሐሳብ ደግሞ እነዚያን መኪኖች አልለየም።