ጣና ሰፊ ነው፤ ታዲያስ?

“ጣና ሰፊ ነው፤ ራሱን በራሱ ያጣራል።”

እንዲህ ያሉት ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ መድረኩን የያዙ ኃላፊ ናቸው። የከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ነገር በዚያው ለከርሞ በጀት ተላለፈ፤ አጨብጭበን ወጣን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ካናደዱኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ሰፊስ ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱስ? በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ቢሆን ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከስፋቱ ጋር ሲተያይ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ ማለት ነው። ትሪ ላይ ያለ ውሃ ደግሞ ነፋስ በመጣ ቁጥር እስከ ታች ይናወጣል። ከሽንት ቤትና ከሳሙና የሚገባው፣ አረምና አልጌ የሚያፋፋው ፎስፈረስ እንደ ጭስ በኖ አይጠፋም፤ ጭቃው ላይ ይተኛና ማዕበል ሲያማታው ተመልሶ ይነሳል። “ያጣራል” የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ደግሞስ የእኛ ፍሳሽ ተሻግሮ ደቅ ደሴት ይደርሳል ያለው ማን ነው? ከተማዋ ያለችው በደቡቡ ጠርዝ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ነው። ከዚህ የወጣው እዚሁ ዳር ይከማቻል፤ ልጆች በሚዋኙበት፣ ልብስ በሚታጠብበት፣ የደንገል ታንኳ በሚታሰርበት። የተረፈው ዓባይን ይዞ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። እዚያ ታች ከወንዙ ለምትቀዳው እናት የጣና ስፋት ምን ይረባታል?

በቀደም ዝናቡ ሲያባራ ሐይቁ ዳር አንድ ዲች አጠገብ ቆሜ ነበር። ለጎርፍ የተሠራ ነው። ከአንድ ግቢ አጥር ሥር የወጣች ቱቦ ግራጫ ውሃ ትተፋበታለች፤ ሽታው የሳሙና ብቻ አይደለም። ዲቹ ሐይቁን በሚነካበት ቦታ ውሃው እንደ ተልባ ያጣብቃል፣ ላዩ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሃያ እርምጃ እልፍ ሲል አንድ ልጅ ቀረሶ እያጠመደ ነበር።

እምቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ወዲህ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። እኛ ደግሞ በቱቦ እንቀልበዋለን። እሺ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ በኩል ከእርሻው ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ከእኛ ይበልጣል። ኃላፊው ይህን ቢሉ ኖሮ ቁጭ ብለን እንከራከር ነበር። እሳቸው ግን ያሉት ሰፊ ነው።

“ማጣሪያ ቅንጦት ነው” የሚሉም አሉ። ማጣሪያ ሲባል የግድ ሞተርና መብራት ያለበት ፋብሪካ ይመስላቸዋል። ተከታታይ ኩሬ ይበቃል፦ በመጀመሪያው፣ በጥልቁ፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ በሁለተኛው አልጌና ባክቴሪያ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ በመጨረሻው ጥልቀት በሌለው ኩሬ ፀሐይ ተሕዋስያኑን ትገድላለች። ባሕር ዳር የፀሐይ ችግር ኖሮባት ያውቃል? መሬት የለም ይባላል። ለሆቴል ሲሆን፣ ያውም ሐይቁ አፍንጫ ላይ፣ ከየት እንደሚገኝ ቢነግሩን።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ስብሰባ ኃላፊው ፊት የተደረደረው ውሃ የታሸገ ነበር።