ሽታው ካለ ነዳጁ አለ

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ አንድ ክርክር ሰማሁ። በሚሌና በባቲ በኩል ከጅቡቲ የተመለሰ ቦቴ ታንኩ ሥር ተሰንጥቆበት ሊበየድ መጥቷል። ሾፌሩ ቸኩሏል።

«አያ፣ ባዶ ነው እኮ። ትናንት ነው ያራገፍኩት፤ አንዲት ጠብታ የለውም።»

አዛውንቱ በያጅ መልስ አልሰጡትም። መሰላል አስጠግተው ወጡ፤ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን አስጠጉና ወረዱ።

«ሽታው አለ።»

«ሽታማ ይኖራል፤ የነዳጅ መኪና ነው!»

«ሽታው ካለ ነዳጁ አለ» ብለው የብየዳ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውልቀው ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶ ካልመጣ እንደማይነኩት ነገሩት። ሾፌሩ እያጉረመረመ ሞተሩን አስነሳ።

አዛውንቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን ነገር የአቪዬሽን ዓለም ለመማር ብዙ ሕይወት ከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1996 ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሳው የቲደብልዩኤ በረራ 800፣ ቦይንግ 747፣ በ12 ደቂቃው አየር ላይ ፈነዳ። የተሳፈሩት 230 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መጀመሪያ ቦምብ ነው፣ ሚሳይል ነው ተባለ። አራት ዓመት የፈጀው ምርመራ ግን ፍንዳታው የተነሳው ከመሃል ታንኩ፣ ማለትም በሁለቱ ክንፎች መካከል በሆዱ በኩል ካለው የነዳጅ ማጠራቀሚያ መሆኑን ደረሰበት። ያ ታንክ ወደ 49 ሺህ ሊትር ይይዛል። በዚያ ምሽት የነበረው 190 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ በርሜል እንኳ አይሞላም። በሾፌሩ ቋንቋ «ባዶ» ነበር።

ነገሩ የሚገባው ኩራዝ ለሞላ ሰው ነው። የጄት ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። ቀዝቃዛ ላምባ ላይ ክብሪት ቢጥሉበት ቶሎ አይያዝም፤ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው ተን ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ለጄት ነዳጅ ይህ ተን ለመቀጣጠል የሚበቃው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ነው፤ ወደ ላይ ከፍ ሲሉና የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይደርሳል። የሞላ ታንክ ለአየር ቦታ የለውም። ከሥሩ ትንሽ ዝቃጭ የቀረበት ሰፊ ታንክ ግን ለተኑም ለአየሩም እንደ አዳራሽ ነው። በዚያ 747 ላይ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣ ማሽኖቹ የተተከሉት ከመሃል ታንኩ ሥር ነበር፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ መንገደኛውን እያቀዘቀዙ ታንኩን ሲያሞቁት ቆዩ።

ክብሪቱን ማን ጫረው? የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ይህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ከሁሉም ይበልጥ ሊሆን ይችላል ያለው ግን ከታንኩ ውጪ የተፈጠረ ሾርት በነዳጅ መጠን ጠቋሚው ሽቦ በኩል ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ውስጥ ማስገባቱን ነው። ነዳጁ ስንት እንደቀረ ሊነግር የተዘረጋው ሽቦ መሆኑ ያስገርመኛል። ለዚህ የሚበቃው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው፤ ደሴ ላይ በብርድ ሌሊት የሱፍ ሹራብ ስናወልቅ ከሚንጣጣው ጋር የሚወዳደር።

ይህ የአንድ አውሮፕላን መጥፎ ዕድል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990 በማኒላ፣ በ2001 ደግሞ በባንኮክ ሁለት ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች ገና መሬት ላይ ሳሉ የመሃል ታንካቸው ፈንድቷል። ሁለቱም ታንኮች ባዶ ሊባሉ የሚችሉ ነበሩ።

አሁን ወደ ታንክ ፍተሻ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ50 ሺህ ሰዓት በላይ የበረሩ የቀድሞዎቹ 737 አውሮፕላኖች ታንክ ውስጥ የሚያልፈው የነዳጅ ፓምፕ ሽቦ ሳይታይ እንዳይበሩ አዘዘ። ሲከፈት በብዙዎቹ ላይ የሽቦው ልባስ ተፍቆ ተገኘ። ከፍተሻው በፊት በነበረው ቀን እነዚያ አውሮፕላኖች ሰው ጭነው ይበሩ ነበር፤ አብራሪውም መንገደኛውም ምንም አላየም።

ታንክ መፈተሽ ደግሞ ባትሪ ይዞ አጮልቆ ማየት አይደለም። ነዳጁ ይቀዳል፣ ታንኩ በአየር ይናፈሳል፣ ውስጡ የቀረው ተንና ኦክስጅን በመሣሪያ ይለካል። ከዚያ በኋላ ነው ቴክኒሻኑ የጥጥ ቱታ ለብሶ፣ ኪሱን አራግፎ፣ ፍንጣሪ የማያወጣ መብራት ይዞ ትከሻ በማታሳልፍ ቀዳዳ የሚገባው። ውጪ ሌላ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ውስጥ ሆኖ የሚፈልገው የተፋቀ ሽቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ የተላጠ ማሸጊያ፣ እንዲሁም ብረትን ከብረት የሚያገናኘውና ኤሌክትሪክ እንዳይከማች የሚያደርገው ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ፍተሻ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለውን አልቀበልም። ያረጀን ሽቦ ደጋግሞ መነካካት ራሱ ይሰብረዋል፤ መሰላል የሚረግጠው፣ ክርን የሚገፋው ሽቦም አለ። ቁም ነገሩ መቼና ምን መታየት እንዳለበት አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጡ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ብልጭታን ከመከላከል አልፎ ወደ ታንኩ አየር ተሻገረ። ተኑ የማይቀር ከሆነ ኦክስጅኑን ማሳነስ ነው። በአየር ውስጥ 21 በመቶ የሚሆነውን ኦክስጅን ናይትሮጅን እያስገቡ 12 በመቶ ገደማና ከዚያ በታች ያወርዱታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ይህ ሥርዓት ከፋብሪካው ጀምሮ አለው። ኮምቦልቻ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ነዳጁን የሚይዘው በክንፎቹ ውስጥ ስለሆነ የመሃል ታንክ ጣጣ የለበትም። አዛውንቱ በያጅ «ውሃ ተሞልቶ ይምጣ» ሲሉም ያሉት ይህንኑ አየሩን የማስወጣት ነገር ነው። ውሃው ተኑንና አየሩን አባሮ ቦታቸውን ይይዛል።

ታዲያ ኮምቦልቻ ላይ የምጠይቀው የናይትሮጅን ማሽን አይደለም። ከተማዋ የቦቴ መተላለፊያ ናት፤ ነዳጅ የያዘ ዕቃ በየቀኑ ይሰነጠቃል፣ ይበየዳል። ለጋራዥ ፈቃድ ስንሰጥ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንጠይቃለን፤ የተን መለኪያ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። የነዳጅ ታንክ የሚበይድ ጋራዥ መለኪያ ይኑረው፤ ከብየዳ በፊት ማን እንደለካ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት እንዳነበበ በመዝገብ ይፈርም። ይህ ለጋራዥ ባለቤቶች ወጪ ነው፤ ደንበኛም ያሸሻል። ለዚህም ነው ደንቡ ለሁሉም እኩል መሆን ያለበት። ዛሬ ባለው አሠራር የሚቀጣው ጠንቃቃው ነው፤ ሽማግሌው በያጅ የዚያን ቀን ገቢያቸውን አጥተዋል።

ሾፌሩ ሁለት በር አልፎ ሌላ ጋራዥ ገባ። ተከትዬው ሄድኩ። መሰላል የወጣ ሰው አልነበረም። ብየዳው አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ፍንጣሪው አስፋልቱ ድረስ እየዘለለ ይጠፋ ነበር። ምንም አልሆነም። ሾፌሩ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ፤ በሽማግሌው በር ሲያልፍ ጥሩንባውን ረዘም አድርጎ ነፋ።