ለተሰወሩት ሁሉ ምስጋና ይድረስ

ከሰው መለያየት ድሮ ከባድ ሥራ ነበር። ቀጠሮ መያዝ፣ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ጉሮሮን መጠራረግ፣ ከዚያም የማይነገረውን መናገር ግድ ነበር። ተሰናባቹ ያለቅሳል፣ ምክንያት ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ይልካል። የዘመናችን ብልህ ሰው ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ውሳኔ አስቀርቶታል፤ መልስ መስጠት ያቆማል። በቃ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ጥበብ «ጎስት ማድረግ» የሚል ግስ አበጅተውለታል። ትናንት ማታ «ደህና እደሪ የኔ ፍቅር» ብሎ የጻፈ ሰው ዛሬ ጠዋት የውሃ ሽታ ሲሆን ጎስት አደረጋት ይባላል። ሞቶ እንዳይሆን ብላ የምትጨነቅ ካለች ስጋት አይግባት፤ በፌስቡክ፣ በሰው ሠርግ ላይ ሲጨፍር ታገኘዋለች።

ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ይህን ትርጉም ተቀብሎ አስፍሮታል። መዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ እንዴት ነውር ይሆናል? ጥሏት ስለጠፋው ሰው ስታለቅስ የነበረች ልጅ ዛሬ «ጎስት አደረገኝ» ስትል ጓደኞቿ «እኔንም» ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ጥበቡ ፈተና አላጣውም። በፈረንጆቹ 2014 ዋትስአፕ መልእክት መነበቡን የሚያሳብቁ ሰማያዊ ምልክቶችን ሲያመጣ ጠፊዎች መግቢያ አጥተው ነበር። «አላየሁትም እኮ» የሚለው የተከበረ ምክንያት ሊቀበር ነው ተባለ። ድርጅቱ ግን ርኅሩኅ ነውና ብዙም ሳይቆይ ምልክቱን ማጥፊያ አበጀ፤ የሰው ልጅ አንብቦ ዝም የማለት መብቱ ተመለሰለት።

ከአፍቃሪዎች ይልቅ ጥበቡን ያራቀቁት አሠሪዎች ናቸው። ቀጣሪ ሥራ ፈላጊውን ሦስት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ይጠራዋል፣ ይፈትነዋል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ ይለዋል፣ «በቅርቡ እንደውላለን» ብሎ እጁን ይጨብጠዋል፤ ከዚያ ይሰወራል። የአምስት ዓመት ዕቅድ የጠየቀ ሰው የአምስት ደቂቃ ስልክ አያገኝም። ይህን ያህል ተቀራርቦ ይህን ያህል መራቅ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

የሚያሳዝነው ደቀ መዛሙርቱ መምህራቸውን መብለጣቸው ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በዲሴምበር 2018 ስለ ኢኮኖሚው ባወጣው ዘገባ ውስጥ፣ በቺካጎ አካባቢ ያሉ አሠሪዎች ሠራተኞች ሳይሰናበቱ እየቀሩ ደብዛቸው መጥፋቱን የተናገሩት በዚሁ ግስ ነበር። አሠሪ ልቡ ሲሰበር ለማዕከላዊ ባንክ ይነገራል፤ ሥራ ፈላጊ ልቡ ሲሰበር ለእናቱ ይነግራል።

የካናዳዋ ኦንታሪዮ ደግሞ ጭካኔዋ በዛ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ፣ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ፣ በይፋ ላወጣው የሥራ ቦታ ቃለ መጠይቅ ያደረገለትን ሰው ውሳኔ ላይ መድረስ አለመድረሱን በ45 ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቅ በሕግ አስገድዳለች። አንድ መስመር ጽሑፍ! በ45 ቀናት ብቻ! 24 ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ፈጣሪያቸውን ያመስግኑ።

እኛ ወደዚህ ጥበብ የገባነው ዘግይተን ነው። ስልክ ለመዝጋት «እሺ፣ በቃ እሺ፣ ሰላም በልልኝ፣ ቻው፣ እሺ ቻው» እያልን ሩብ ሰዓት የምንፈጅ፣ እንግዳ ስንሸኝ በር ላይ ቆመን አዲስ ወግ የምንጀምር ሕዝብ ነን። (የዕቁብ ዳኞች ደግሞ ጭራሽ አልተቀበሉትም። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይነካትም። ለጥበብ ቦታ የሌላቸው ሰዎች!) ቢሆንም ፈጥነን ደርሰናል፤ እንዲያውም የራሳችንን ማሻሻያ አክለንበታል። ጠፊያችን ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ በቴሌግራም ብቅ ይላል። ይቅርታ ሊጠይቅ እንዳይመስላችሁ። ቅሬታ አለው።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ጠፋሽ?» ብሎ ይጽፋል።

እሷም የጨዋ ልጅ ናትና፣ «አትቀየመኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብላ ትመልስለታለች።