ሟቾቹ ከእነማን መካከል ተቆጠሩ?

እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ላይ፣ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የኮቪድ-19ን ገዳይነት በዕድሜ የለካ አንድ ትንተና ታትሞ ነበር። እንደ ትንተናው ቫይረሱ ከያዛቸው የ25 ዓመት ወጣቶች የሚሞቱት 0.01 በመቶ ገደማ ናቸው። በ55 ዓመት 0.4 በመቶ፣ በ75 ዓመት 4.6 በመቶ፣ በ85 ዓመት ደግሞ 15 በመቶ ይደርሳል። ይህን ያህል የሚራራቅ ነገር በአንድ አማካይ ጠቅልሎ «በሽታው ይህን ያህል ይገድላል» ማለት ማንንም አይጠቅምም። የልጅ ልጅን ያለልክ ያስፈራል፣ አያትን ያዘናጋል።

ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን ከቁጥሮቹ በፊት ያለውን ሥራ ነው። አጥኚዎቹ ያገኙትን ጥናት ሁሉ አልደመሩም። ደም ለጋሾችን ወይም በማስታወቂያ ተጠርተው የመጡ ሰዎችን ብቻ የመረመሩትን፣ መላውን ሕዝብ ስለማይወክሉ፣ ከስሌቱ አስወጥተዋል። አብዛኛው አንባቢ ይህን ክፍል ዘሎ ወደ ሰንጠረዡ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የጥናቱ ልብ እዚያ ነው ባይ ነኝ።

የሞት መጠን ማካፈል ነው። ከላይ የሞቱት፣ ከታች የተያዙት። ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተን የታችኛው ነው። የተቆጠረው ሐኪም ቤት የመጣው ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ቀን አስሎት ቤቱ የዳነው ወጣት ከስሌቱ ውጭ ነው። ስለዚህ የወጣቶች የሞት መጠን ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። አዛውንት ላይ ያው ስህተት ያን ያህል አይጎላም፤ እነሱ ሲታመሙ ስለሚጠናባቸው የመመርመር ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚያመርተውን አንቲቦዲ በደም ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ አስቡ። ከ10,000 ሰዎች በትክክል የተያዙት 100 ናቸው እንበል። ምርመራው እነሱን ሁሉ ያገኛል፤ ነገር ግን ካልተያዙት ሰዎች ከየመቶው ሁለቱን በስህተት «ተይዘዋል» ይላል። ትንሽ ስህተት ይመስላል አይደል? ካልተያዙት 9,900 ሰዎች 198ቱ በሐሰት ይጨመራሉ። 100 የነበረው 298 ሆነ። የሞት መጠኑም ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። አንድም ሰው ከሞት ሳይተርፍ በሽታው የቀለለ መሰለ።

የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ጉዳይ ደግሞ አለ። ቤት ለቤት የሚዞሩ ጠያቂዎች ብዙ ጊዜ እዚያ አይገቡም። እዚያ የሞቱት ግን በሟቾች ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ከላይ አሉ፣ ከታች የሉም። ከ80 ዓመት በላይ ላሉት የተሰላው መጠን ያብጣል።

ዕድሜ ራሱም በትክክል አይመዘገብም። የልደት ማስረጃ የሌለው ሰው ሲጠየቅ 60 ወይም 65 ይላል እንጂ 63 አይልም። በጣም ያረጁ ሰዎች ላይ ደግሞ ዕድሜ የመጨመር ነገር አለ። ገና 85 የሆነው 100 ተብሎ ከተመዘገበ፣ የመቶ ዓመት አዛውንቶች ከሚሞቱት በታች የሚሞቱ ይመስላሉ።

እንግዲህ ጥናቶች የሚመዘኑበት ቅጽ አለ። አንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶ ይደምራል፤ ከ9 ኮከብ 7 አገኘ ይባላል፣ ታለፈ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው የኮክራን ድርጅት መመሪያ እንዲህ ያለውን ድምር አይመክርም፣ እኔም እስማማለሁ። ናሙናው ከመነሻው ከተበላሸ፣ በጥሩ ስሌት የተገኘ ነጥብ አያካክሰውም። ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። ለአንድ ጥናት «የመዛባት ስጋቱ መካከለኛ ነው» የሚል አንድ ፍርድ አይበቃም። ሞትን በዕድሜ የሚለካ ጥናት የሚገመግም ሰው ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክልል ለይቶ ይንገረን። መዛባቱ ቁጥሩን ወዴት ነው የሚጎትተው? ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች? አንዱ ጥናት ስለ 40 ዓመት ጎልማሶች ሊታመን፣ ስለ 85 ዓመት አዛውንቶች ግን ጭራሽ ላይታመን ይችላል። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ክትባት ማን ይቅደም የሚል ውሳኔ ይወሰናል፤ ስለዚህ ጥያቄው የባለሙያ ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የሕፃናት ሞት አለካክ ነው። ልደትና ሞት በአግባቡ በማይመዘገብበት ቦታ እናቶች ይጠየቃሉ። ስንት ወለድሽ? ስንቶቹ በሕይወት አሉ? የሞተው መቼ ሞተ? ጥሩ ዘዴ ነው፤ ያለ እሱ ብዙ ነገር ባላወቅን ነበር። ግን በተወለደ በሁለተኛው ቀን የሞተ ልጅ ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ማስታወሱ ያማል። የሞተች እናት ደግሞ አትጠየቅም። የእሷ ልጆች የመሞት ዕድል ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። ኤችአይቪ ተስፋፍቶ መድኃኒቱ ባልደረሰበት ጊዜ፣ በዚህ ምክንያት ብዙ የሕፃናት ሞት ከስሌቱ ውጭ ቀርቷል። የናሙናው ብዛት ይህን አያቃናም። መቶ ሺህ እናቶች ቢጠየቁም፣ መልስ የሚሰጡት በሕይወት ያሉት ብቻ ናቸው።