«ፎርማሊቲ ነው» እየተባለ የሚፈረመው የተያዥ ፎርም

የትኛውም የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቁሙና አንብቡ። ገንዘብ ተቀባይ፣ ሾፌር፣ ንብረት ጠባቂ፣ የሽያጭ ሠራተኛ። የትምህርት ደረጃውም የሥራ ልምዱም ይለያያል፤ የመጨረሻዋ መስመር ግን አትለወጥም፦ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»። በዚህች መስመር ምክንያት ስንት ወንድማማች ተኳርፏል፣ ስንት ሰው ባልነካው ገንዘብ ደመወዙ ተቆርጧል! አሁንም ግን ፎርሙን የሚያቀብለው ሰው «ፈርሚ፣ ፎርማሊቲ ነው» ይላል። ፎርማሊቲ አይደለም። የዕዳ ውል ነው።

ከተማ ውስጥ ቋሚ ሥራ ያለው ዘመድ የሌለው ልጅ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ እዚህች መስመር ላይ ይቀራል። ተያዡ ቋሚ ሠራተኛ ይሁን፣ ደመወዙ ይህን ያህል ይድረስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያምጣ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ይሁን ይባላል። ያጣ ሰው የሰው ፊት ሲያይ ይከርማል። አንዳንዱ ደላላ ጋ ሄዶ ከፍሎ «ተያዥ» ይገዛል፤ ደብዳቤው ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ሥራውን ያጣል፣ ከዚያም አልፎ በወንጀል ይጠየቃል። ተያዥ የሚሆነው ሰውም «አይ» ማለት ይከብደዋል። እንቢ ካለ የአክስቱን ልጅ እንጀራ ዘጋ ይባላል። በዚህ ሁኔታ የሚፈርም ሰው ፎርሙን አያነብም፤ ላንብብ ቢልም ሰዓት የሚሰጠው የለም።

እስቲ እናንብበው። ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ቃሉ ትንሽ ይለያይ እንጂ ዋናው ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው፦ «ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ለሚያጎድለው ገንዘብና ንብረት በሙሉ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» አንድ መስመር ናት፤ ሦስት ችግር አለባት።

የመጀመሪያው «በሙሉ» የምትለዋ ቃል ናት። ስንት ብር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ግልጽ ነው። ዋስትና በግምት የሚመጣ ነገር አይደለም፣ በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ተደርድሮ የሚኖረው «በሙሉ» የሚል ፎርም እንግዲህ ከሕጉ ፊት ሲቀርብ መቆሚያ የለውም። ታዲያ ይህን የሚያውቅ የሰው ሀብት ክፍል ለምን ያንኑ ፎርም ፎቶ ኮፒ እያደረገ ያስፈርማል? የተያዥን ጭንቀት መያዣ ስለሚያደርገው ነው። ተያዡ መብቱን ሳያውቅ በሽምግልና እንዲከፍል ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ «እስከ ብር __________» ብሎ ክፍት ቦታ ትቶ የሚያስፈርመው ነው። ያ ባዶ ቦታ ከፊርማችሁ በኋላ በማን እጅና በስንት ብር እንደሚሞላ እናንተ አታዩም። መጠኑን በአኃዝም በፊደልም ራሳችሁ ሙሉት፣ የተረፈውን ባዶ በመስመር ዝጉት፣ የፈረማችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ኮፒ ያዙ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። «አይቻልም» ካሉ ችግሩ ያለው እነሱ ጋ ነው።

ሁለተኛው «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋ ናት። ብዙ ሰው እንደ ማሳረጊያ ነው የሚያያት። በተራ ዋስትና የተከሰሰ ሰው «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ጠይቁ፣ ያ ካልበቃ ወደ እኔ ኑ» ማለት ይችላል፤ ይህንንም ገና ክሱ እንደደረሰው፣ በመጀመሪያው መልሱ ላይ ማንሳት አለበት። «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመ ግን ይህ መብት የለውም። አንቀጽ 1933 ላይ እንዳለው አሠሪው ሠራተኛውን ሳይጠይቅ፣ ንብረቱንም ሳይነካ ቀጥታ ተያዡን መክሰስ ይችላል። ሠራተኛው መኪና ቢኖረውም ቤት ቢኖረውም ደመወዙ የሚታወቅ፣ አድራሻው የሚታወቅ ተያዥ ይቀላል። ቃሏን ሰርዛችሁ ስርዙ ላይ ፈርሙ። አላሰርዝም ካሉ ቢያንስ የገንዘቡን መጠን ዝቅ አድርጉት።

ሦስተኛው ችግር የሌለው ነገር ነው፤ ጊዜ። ፎርሙ መቼ እንደሚያበቃ አይናገርም። በ2010 የተፈረመ ፎርም ዛሬም አለ። እዚህ ላይ ግን ሕጉ ለተያዥ መውጫ ትቶለታል፤ አብዛኛው ሰው ስለማያውቀው ብቻ አይጠቀምበትም። ወደፊት ለሚመጣ ዕዳ የተሰጠ ዋስትና የጊዜ ገደብ ካልተቀመጠለት፣ ዕዳው መከፈያው እስካልደረሰ ድረስ ዋሱ ዋስትናውን ማንሳት ይችላል፤ አንቀጽ 1925ን ተመልከቱ። በስልክ ወይም በሰው በኩል «ትቼዋለሁ» ማለት አይበቃም። ደብዳቤ ጻፉ፣ ከዛሬ ቀን ጀምሮ ዋስትናዬን አንስቻለሁ በሉ፣ በሁለት ኮፒ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ስጡና በእናንተው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። ከዚያ በፊት የጎደለ ነገር ካለ አያድንም፤ ከዚያ በኋላ ለሚጎድለው ግን ይህች ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ከሁሉም ትበልጣለች።

ሌላ የሚያናድድ ነገር አለ። ልጅቷ ስትቀጠር ጸሐፊ ነበረች፤ ተያዧም ለጸሐፊ ነው የፈረመው። በዓመቱ ገንዘብ ያዥ ትደረጋለች። ካዝና ቁልፍ ይሰጣታል። ለተያዡ የነገረው የለም። ገንዘብ ሲጎድል ግን የድሮው ፎርም ከፋይል ይመዘዛል። ጸሐፊ ምን ታጎድላለች? ወረቀት? ዋስትና ከተሰጠበት ወሰን አልፎ አይለጠጥም፤ እሱም እዚያው 1922 ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ፎርሙ ላይ «በዚህ የሥራ መደብ ላይ እያለች ብቻ» የምትል ሐረግ ማስገባት የሚያስፈልገው። አራት አምስት ቃል ናት፤ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ግን ጠበቃ ትሆናችኋለች።

ስለ ደብዳቤው ደግሞ። የተያዡ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው ደብዳቤ የሥራ መደቡንና ደመወዙን ያረጋግጥ፤ አንዳንዱ «ሥራ ሲለቅ እናሳውቃለን» ይላል፣ ይሁን። ነገር ግን «ጉድለት ቢፈጠር ከደመወዙ ቀንሰን ገቢ እናደርጋለን» የሚል ደብዳቤ ላይ ተያዡ ራሱ ከፈረመ በገዛ እጁ ደመወዙን አስረከበ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ስለዚህ የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብቻ ይዞ መጥቶ «የዚህን ሰው ደመወዝ ቁረጡልን» ማለት አይቻልም። እንቢ በሉ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠይቁ። አንድ ሦስተኛውም ቢሆን ቀላል አይደለም። 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ተያዥ 300,000 ብር ቢፈረድበት በወር 4,000 ብር እየተቆረጠበት 75 ወር ይከፍላል። ስድስት ዓመት ከሦስት ወር። ባልወሰደው ገንዘብ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ያለችው ሚስት ወይም ያለው ባል ሰምቶም አያውቅም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል ይላል። 500 ብር! ዛሬ ከዚህ በታች ተያዥ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የለም። ያልተስማማው ተጋቢ ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ሳያውቅ ቢቆይም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልላችሁን ተመልከቱ።

ክስ ሲመጣ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጥሪያው በድሮ አድራሻ ይሄዳል፤ ሰው ጠፋ ተብሎ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ጥሪ ይወጣል፤ የሚያየው የለም፤ በሌለበት ይፈረዳል። ያኔ የገንዘቡ መጠን ያልተጻፈበት ፎርም እንኳ «አይጸናም» የሚል ተከራካሪ ያጣል። ተያዡ የሚሰማው የአፈጻጸም ትእዛዝ ለደመወዝ ከፋዩ ሲደርስ ነው። መጥሪያ በአግባቡ ያልደረሰው ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 78 እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ወሩ ካለፈ በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ሽማግሌ እንላክ» እያላችሁ ቀን አታቃጥሉ። በጊዜ የደረሰው ደግሞ ዝም ብሎ «አላውቅም» አይበል። ሠራተኛው በሦስተኛ ወገንነት ወደ ክሱ እንዲገባ በአንቀጽ 43 ይጠይቅ። ሠራተኛው ሊያነሳው የሚችለውን መከራከሪያ ሁሉ ያንሳ፦ ቆጠራው ሲደረግ ሠራተኛው ነበረ ወይ? ርክክቡ ላይ ፈርሟል ወይ? የካዝናው ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ አልነበረም ወይ? በሽምግልናም ቢሆን የምትከፍሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሠራተኛው በጽሑፍ አሳውቁት፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የከፈለ ዋስ በአሠሪው ቦታ ተተክቶ ገንዘቡን ከሠራተኛው መጠየቅ ይችላል፤ ሳያሳውቅ ከከፈለ ግን ሠራተኛው «እኔ ከፍዬ ነበር» ቢል ዋሱ ለኪሳራ ይጋለጣል።

አሠሪዎችም ስሙ። የቀን ሽያጭ በየቀኑ ቢቆጠር፣ ማታ ወይም በማግስቱ ጠዋት ባንክ ቢገባ፣ የካዝና ቁልፍ በሁለት ሰው ቢያዝ፣ ንብረት በርክክብ ሰነድ ቢተላለፍ ጉድለት በዕለቱ ይታወቃል። ስምንት ወር ኦዲት ሳታደርጉ ቆይታችሁ በስምንተኛው ወር የተጠራቀመውን ሁሉ ለአንድ አስተማሪ ተያዥ ማሸከም የራስን የሥራ ጉድለት በሰው ደሞዝ መሸፈን ነው። ሠራተኛ ገንዘብ ቢያጎድል የሚክስ መድን ኢንሹራንሶች ይሸጣሉ፤ ዓረቦኑን ክፈሉ። ተያዥ የግድ ነው ካላችሁም በቁርጥ ብር፣ በቁርጥ ጊዜ፣ ለተወሰነ የሥራ መደብ አስፈርሙ፤ መደቡ ሲቀየር ጠርታችሁ ንገሩ።

ሠራተኛው ሲለቅ ነገሩ አልቋል ብላችሁ አትተኙ። ፎርሙ ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ የእናንተው መሥሪያ ቤትም ዋስ ናችሁ ብሎ ሌላ ደብዳቤ ይከለክላችኋል፣ ስትለቁም ክሊራንስ ይይዝባችኋል። የፈረማችሁለት ልጅ ክሊራንሱን በጨረሰ ዕለት አብራችሁ ሂዱ። የፈረማችሁበትን ዋናውን ወረቀት ተቀበሉ፤ «ከዋስትና ነፃ ናቸው» የሚል ደብዳቤ በስማችሁ አስጽፉ፣ ግልባጩም ለመሥሪያ ቤታችሁ ይድረስ።