ስለ ኒዮን ቴትራ ያልኩት ላይ ማስተካከያ
ባለፈው ስለዚህ ትንሽ የአኳሪየም (የቤት ውስጥ አሳ ገንዳ) አሳ ስጽፍ "ሦስት ኒዮን ይበቃል፣ ከኤንጅልፊሽ (ሲያድግ ትልቅ የሚሆን ሌላ የገንዳ አሳ) ጋርም ችግር የለውም" ብዬ ነበር፣ ሁለቱም ስህተት ነው ይቅርታ። ኒዮን በመንጋ የሚኖር አሳ ነው፣ ቢያንስ 6፣ ቦታ ካለ ደግሞ 10 እና ከዛ በላይ ይሁን፣ ሲያንሱ ይፈራሉ ቀለማቸው ይደበዝዛል፣ የኔዎቹ ሦስቱ ከፊልተሩ ጀርባ ተወሽቀው ነበር የሚውሉት፣ ምግብ ስጥል እንኳ ብቅ አይሉም ነበር። ኤንጅልፊሹ ደግሞ ትንሽ እያለ ምንም አላላቸውም፣ ሲያድግ ግን አፉ የቻለውን ይውጣል፣ አንድ ቀን ጠዋት መብራቱን ሳበራ ሁለት ብቻ ቀርተዋል (እሱ ሆዱ ተነፍቶ ቆሟል)። ሌላው፣ ቀዩ መስመር ከጭንቅላት እስከ ጭራ ነው ያልኩት የካርዲናል ቴትራ (ኒዮንን የሚመስል ሌላ አሳ) ነው፣ የኒዮን ቀይ ከወገቡ ወደ ጭራ ብቻ ነው። ካርዲናል ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል፣ ለኒዮን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ጥሩ ነው።