ከሽንሽኑ ሥር ያለው የማን ጉዳይ ነው?

ኤድንብራ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲያገባ ሚዜው እንድሆን ጠየቀኝ፤ በስኮትላንድ ሚዜ መሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኪልት መልበስ ማለት ነው። ኪልት ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከኋላው የተሸነሸነ፣ ከፊቱ ሁለት ያልተሸነሸኑ ጫፎች ተደራርበው በጎን በኩል በጠፍርና በዘለበት የሚያያዙ የወንዶች የሱፍ ልብስ ነው። አንድ ደንበኛ ኪልት እስከ 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ ስለሚፈጅ ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ መጀመሪያ ስታጠቀው የተሰማኝ እርጥብ ጋቢ ወገቤ ላይ የታሰረ ያህል ክብደት ነበር። በጨርቁ ላይ ከተሸመኑት ባለካሬ ጥለቶች ብዙዎቹ ከአንድ ጎሳ ወይም ቤተሰብ ስም ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ የኪራይ ሱቁ ሠራተኛ እንደ እኔ የጎሳ ስም የሌለውም ሰው የሚለብሰውን፣ «ብላክ ዋች» የተባለውን ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ጥለት አወጣልኝ።

ሠርጉ ስተርሊንግ ከተማ ስለነበር ጠዋት በባቡር ሄድን። ጥቁር ሰው ኪልት ለብሶ ሲያዩ ብዙዎች ዞር ብለው እንደሚያዩ አልጠፋኝም፣ አልከፋኝምም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጥለቱን በስሙ ጠርተው ካደነቁ በኋላ፣ ከፊት የሚደረገውን መርፌ ቁልፍ ሁለቱንም ጫፎች አያይዤ እንደወጋሁት አይተው፣ የሚወጋው የላይኛው ጫፍ ብቻ መሆኑን፣ አለበለዚያ ስራመድ ጨርቁ እንደሚቀደድ ነገሩኝ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም፤ እንዳስተካክለው ጠብቀው፣ ሳስተካክለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ደግሞ «ለምን ቀሚስ ለበስክ?» ብሎ ጠየቀኝና እናቱ በሐፍረት ቀላች። ለልጁ ከሆዴ በታች ስለሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ፣ ኪልት ኪስ ስለሌለው ገንዘቤንና ስልኬን እዚያ እንደምይዝ ስነግረው፣ ከፍቼ እንዳሳየው ለመነኝና አሳየሁት። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሙሉ ቀን ቢቀጥል ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ ስንመለስ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። የጓደኛቸውን ሠርግ አስቀድመው ሊያከብሩ ወደ ኤድንብራ የሚሄዱ፣ ሞቅ ያላቸው ሴቶች አጠገባችን ቆመዋል። በአንድ እጄ ምሰሶውን፣ በሌላው የኮቴን መያዣ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ አንዷ ከኋላዬ መጥታ ሽንሽኑን በሁለት ጣቷ ይዛ ገለበችው፤ ሌላይቱ ስልኳን ከጉልበቷ ዝቅ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ዞር ብዬ ጨርቁን ከእጇ አስለቀቅሁና፣ እስከ ዛሬ ለራሴ ላስረዳው ያልቻልኩትን ነገር አደረግሁ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። አብሮኝ የነበረው ሌላው ሚዜ «ልመደው፤ ከልብሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው» አለኝ።

እኔ ግን አብሮ ሊመጣ አይገባም ባይ ነኝ። ስለ ልብሱ መጠየቅና ከልብሱ ሥር ስላለው ገላ መጠየቅ አንድ ዓይነት የማወቅ ጉጉት አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሰውየውን ያነጋግረዋል፣ ሁለተኛው ግን ሰውየው እዚያ እንደሌለ ቆጥሮ ከተመልካች ጋር ይሳሳቃል። «ከሥሩ ምን ለብሰሃል?» የሚለው ጥያቄ በስኮትላንድ ያረጀ ቀልድ ነው። መልሱም ያንኑ ያህል ያረጀ ነው፤ በእንግሊዝኛ «የተለበሰ» እና «ተለብሶ ያለቀ» በአንድ ቃል ስለሚነገሩ፣ ኪልት ለባሹ «ከሥር ያለቀ ነገር የለም፣ ሁሉም በደንብ ይሠራል» ብሎ ያልፋል። ብልህ መልስ መሆኗን አልክድም፤ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ከማፈር ታድናለች። ቅር የሚለኝ የማዳኑ ሥራ ሁልጊዜ በተጠያቂው ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው። ነውሩን የጀመረው ሌላ፣ በጨዋታ የሚሸፍነው ሌላ፤ የማይሸፍን ከሆነም ጨዋታ የማያውቅ ኩፍስ ይባላል።

ነገሩ በባቡር ላይ ቀልድ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በሰሜን ስኮትላንድ በምትገኘው በኢንቨርነስ ከተማ የአንድ መጠጥ ቤት ወንድ አስተናጋጆች፣ ደንበኞች ኪልታቸውን እየገለቡና እጅ እየሰደዱ ስላስቸገሯቸው ልብሱን ትተው ሱሪ መልበስ መጀመራቸው በዜና ተነግሮ ነበር። ሁለቱም እጆቹ በብርጭቆ በተሞላ ትሪ ተይዘው በሰው መካከል የሚያልፍ አስተናጋጅ ራሱን መከላከል እንደማይችል ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ነገሩን አንብበው የሳቁ እንደነበሩ አስታውሳለሁ። አስተናጋጆቹ ሴቶች፣ እጅ የሰደዱት ወንዶች ቢሆኑ ማን ይስቅ ነበር?

ሕጉ በዚህ ረገድ ከልማዱ ቀድሟል። የስኮትላንድ የ2009 የወሲብ ወንጀሎች ሕግ በ2010 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ሰው ሳይፈቅድ ከልብሱ ሥር ያለውን ገላ ወይም ሙታንታውን ለስሜት ማርኪያ ወይም ለማዋረድና ለማሳቀቅ ብሎ ፎቶግራፍ ማንሳት ወንጀል ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስም ተመሳሳይ ሕግ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ይሠራል። ሁለቱም ስለ ሰው ይናገራሉ እንጂ ቀሚስን ከኪልት፣ ሴትን ከወንድ አይለዩም። ችግሩ ሕጉ መኖሩን የባቡሩ ተሳፋሪም እኔም አለማሰባችን ነው።

«ትኩረት ካልፈለግህ አትልበስ» የሚለው ክርክር በተለይ በዚያ አገር አፍ ላይ ሲሰማ ይገርመኛል። የመንግሥት ጦር የስኮትላንድ ደገኞችን አመፅ ድል ከመታበት ከኩሎደን ጦርነት በኋላ በ1746 የወጣው አዋጅ፣ ከመንግሥት ወታደሮች በቀር ማንኛውም ወንድ ይህን ልብስ ለብሶ ቢገኝ ለመጀመሪያ ጊዜ 6 ወር እስራት፣ ቢደግም ባሕር ተሻግሮ የ7 ዓመት ግዞት ይፈርድበት ነበር። አዋጁ እስከ 1782 አልተሻረም። አያት ቅድመ አያቶቻቸው እንዳይለብሱት በእስር የተከለከሉትን ልብስ፣ ዛሬ የልጅ ልጆቹ በሰካራም እጅ ፍራቻ ቁምሳጥን ውስጥ እንዲሰቅሉት መምከር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የእኔ የአንድ ማታ መሳቀቅ ሴቶች በየቀኑ ከሚደርስባቸው ለከፋ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። ፒያሳን በጉርድ ቀሚስ አቋርጣ የምታልፍ ወጣት ልብሷን በመዳፏ ይዛ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ስድብና ማሞካሸት እኩል እየወረደባት ስትሄድ፣ እኔ ካፌ በር ላይ ከሚስቁት ጋር ቆሜ አውቃለሁ። ስለዚህ ለኪልት ለባሽ የምመክረው ከሷ የተማርኩትን ነው። ሲቀመጥ ሽንሽኑን በእጁ ጠርጎ ሥሩ ይሰብስብ፣ ቦርሳው በጭኖቹ መካከል ጨርቁን ተጭኖ ይይዝለታል። ለጨዋ ጥያቄ ጨዋ መልስ ይስጥ። ወደ ገላው ለመጣ ጥያቄ ግን «ይህን አልመልስም» ማለት ይበቃል፤ ቀልድ እንዲጨምርበት ማንም ሊያስገድደው አይችልም። እጅ ለሰደደ ደግሞ ድምፅን ከፍ አድርጎ «እጅህን ከላዬ አንሳ» ማለት፣ ካልሆነም ፖሊስ መጥራት ነው። ከሁሉ በላይ የምለምነው ግን አጠገቡ የቆመውን ነው፤ በዚያ ባቡር አንድ ሰው እንኳ ባይስቅ ኖሮ ስልኩ ወዲያው ወደ ቦርሳ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስጽፍ አንድ ሌላ ሰው ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። ገና ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ አውቶቡሱ ለምሳ አዋሽ ሰባት ቆመ። ሽርጥ የታጠቀ አፋር ሰውዬ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበር። እኔ በጓደኞቼ ፊት ጎበዝ ለመምሰል ጠጋ ብዬ «ከሥሩስ ምን አለ?» አልኩት። ሰውዬው አማርኛውን ሰምቷል። የሻይ ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ፣ የሽርጡን ቋጠሮ በሁለት እጁ ጠበቅ አደረገ፣ ከዚያም ዐይኑን ሳይነቅል ትክ ብሎ አየኝ። ጓደኞቼ ይስቃሉ። እሱ ፈገግ አላለም።